ገዳሙና የሚያሳብቀው መኪና

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣ ስለ አዲስ መኪና ደግ ነገር መናገር የሚያምረው ሰው፣ መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ገዳሙ አለመኖሩን ያያል። ገዳሙ ካለ ያ ሰው ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ጉዞው ዘግይቶ፣ አንዲት ቃል ሳይመልስ ነው የሚነሳው።

ገዳሙ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ረጅምና ቀጭን ነው። ግራ ጆሮው ለብዙ ዘመን በሞተር ጩኸት ስለደነዘዘ ሲያወሩት ቀኝ ጎኑን ይሰጣል። ስለ ኑሮም ሆነ ስለ ሰው ሲወራ ዝም ብሎ ይሰማል። መኪና ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

የድሮው መኪና አፍንጫው ብረት ነበር ይላል። ያሁኑ ፕላስቲክ ነው፤ ወይፈን ቢታከከው ወይፈኑ ሣሩን ይግጣል፣ መኪናው ጋራዥ ይገባል። ድሮ መብራት ሲቃጠል አምፖል ከኪስ አውጥቶ መቀየር ነበር፤ አሁን የመኪናው ፊት በሙሉ ካልተገነጠለ አምፖሉ አይገኝም። ሞተሩን በጥቁር ክዳን ይሸፍኑታል፣ ብሎኑን በዚህ አገር በሌለ መፍቻ ያስሩታል። ጋቢናውን ከፍ አድርገው ከሰማይ ጋር ያገናኙትና መውጫውን ለዝንጀሮ ይተዉታል። ቀበቶ ካላሰርክ ይጮህብሃል፣ በር ካልዘጋህ ይጮህብሃል፣ ደክሞህ ብታዛጋም የሚጮህ መጥቷል አሉ። ይህን ሁሉ የሚያስቡት ፋብሪካ ያሉ ሰዎች መንገዳቸው እንደ ገበታ የተለሰነ ነው፤ የዓባይን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ አንድ ቀን ወርደውት አያውቁም። በየዓመቱ ፊቱን እየለዋወጡ አዲስ ነው ይላሉ፤ የተለወጠው ግን የሚሰበረው ነገር ብዛት ነው።

«የድሮውን መኪና የሠራው ሰው ሾፌር ይነዳዋል ብሎ ነው የሠራው» ይላል በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያሁኑን የሠራው ግን ሾፌሩ ሌባ ነው ብሎ ነው።»

እዚህ ላይ ሲደርስ ነገሩን የሚያውቁት ሾፌሮች ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ያያሉ። የማያውቁት ግን የእርጅና ምቀኝነት ይመስላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ገዳሙ አዲስ መኪና ነድቷል፤ ወድዶትም ነበር። እንዳላማው የሚባለው ባለመኪና ያንን ነጭ መኪና ከአዲስ አበባ ሲያመጣ የመጀመሪያው ሾፌር እሱ ነበር። ወንበሩ በአየር የሚንሳፈፍ ነው፤ ገዳሙ ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ የኖረበት የወገብ ሕመም ለቀቀው። ፍሬኑ የነኩት ቦታ ላይ ይቆማል። ማለዳ ማለዳ በራሱ ፎጣ መስተዋቱን ይወለውለው ነበር። ስለዚህ ነው ቂሙ የማይበርደው። ያሳበቀበት የወደደው ነው።

እንዳላማው አበልጁ ነበር፤ የገዳሙን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። በአንድ የሚካኤል ማኅበርም ይጠጣሉ። መኪናው ሲመጣ ግን እንዳላማው ስልኩን ከእጁ መለየት ተወ። ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ሣጥን ተደብቃ ነበርና መኪናው የት እንደቆመ፣ ስንት እንደሮጠ፣ ናፍጣው ምን ያህል እንደቀረ እቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል። ቢፈልግ ደግሞ በአንድ ጣቱ ሞተሩን ያጠፋል። ጋቢና ውስጥ ማንም ሰው እንዳይጫን ብሎም አዘዘ። ገዳሙ ትእዛዙን ጠበቀ፣ ከአንድ ቀን በቀር።

ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። ከሉማሜ በታች ዳገቱ ላይ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከገደሉ ብቅ አሉ። ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። በዚያ መንገድ ቃሬዛ አይቶ ያለፈ ሾፌር የለም፤ የመንገዱ ሕግ ነው፣ ማንም ያወጀው የለም፣ ማንም አፍርሶት አያውቅም። ገዳሙ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገቱ እንደዞረ አቆመ። ነገር ግን የጋቢናው መወጣጫ ሰው ደረት ድረስ ነው፤ ሴትዮዋን አንሥቶ ለማስገባት ሰዎቹ ብዙ ታገሉ። እሷ ትጮኻለች፣ ባሏ ያለቅሳል፣ መኪናው ቀበቶ አልታሰረም እያለ ያላዝናል። በመጨረሻ ሉማሜ ጤና ጣቢያ አደረሳት፤ በሰላም ተገላገለች።

በዚያች ሰዓት እንዳላማው ስልኩን ሲያይ ናፍጣው ወረደ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቆሞ፣ ናፍጣው ብቻ ወረደ። ስልኩም «ስርቆት» ብሎ በቀይ ጻፈለት።

አልጠየቀውም። ገዳሙን እንዲህ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ጠርቶ አልጠየቀውም። የማኅበሩ ቀን እስኪደርስ ጠብቆ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ አበልጄ ናፍጣዬን እየሸጠ ነው አለና ስልኩን ለጎረቤቱ አቀበለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ቀዩን መስመር አየ፤ የገዳሙን ፊት ያየ ግን አልነበረም። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው አቶ ወልደ ሩፋኤል እንኳ፣ የእህል ነጋዴው፣ አመዛዛኝ የሚባሉት ሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገዳሙ ስለ ቃሬዛው ለመናገር ሞከረ። ታዲያ ናፍጣው ወዴት ሄደ ሲሉት አላውቅም አለ። በእርግጥ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። መናኸሪያ ሲደርስ ባለመኪናዎች ሰላምታቸውን ያሳጥራሉ። ሚስቱ ጥላነሽ ገበያ ሄዳ፣ ሴቶች ናፍጣ በሊትር ስንት ገባ እያሉ ሲሣሣቁባት ሳትገዛ ተመለሰች። ማታ ለባሏ ይህን ነግራው አልጮኸም። ምጣዱ ሥር እሳቱን እየቆሰቆሰ ቆየና «እሱ ራሱ በአፉ ይመልሰዋል። በሰው ፊት። ሙሴው እየሰሙ» አላት።

«እሱ? እሱማ አይልም» አለች ጥላነሽ።

«እኔም በፈቃዱ አላልኩም።»

የሚቀጥረው ባለመኪና ሲያጣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገኘ። ወይዘሮ ወንጌላዊት ትባላለች። ከጓሮዋ የባሏ ኤንትሬ፣ ያ የጥንቱ የጭነት መኪና፣ ዶሮ ሰፍሮበት ቆሞ ነበር። ሾፌሮቹ ያን ብረት አንነዳም ብለዋታል፤ ባለመኪናዎቹ ገዳሙን አንቀጥርም ብለዋል። ሁለቱ የተጣሉ ተገናኙ። ገዳሙ ዶሮዎቹን አስወጥቶ፣ ሞተሩን ፈትቶ፣ ገጣጥሞ አስነሣው። ጭሱ ጎረቤት አሳደደ፤ ግን ተነሣ። የወገብ ሕመሙም አብሮት ተመለሰ። በየጉድጓዱ ወገቡን ሲቀጨው እንዳላማውን ያስባል።

በቀሉን የጀመረው ሉማሜ፣ ከሪማ የምትባለው ሴት ሻይ ቤት ነው። ሾፌሮች የሚያርፉት እዚያ ነው። መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቅጠል ከተጣለ አላፊው ሁሉ ቆሞ ይረዳል፤ ይህም እንደ ቃሬዛው የመንገዱ ሕግ ነው። ገዳሙ ይህን ሕግ በአንድ ሰው ላይ እንዲያፈርሱለት ለመናቸው። የእንዳላማው መኪና ተበላሽቶ ሾፌሩ ብቻ ካለ ርዱት አላቸው፤ ሾፌር ወንድማችን ነው። እንዳላማው ራሱ ካለ ግን ክላክስ ነፍታችሁ፣ እጃችሁን አውለብልባችሁ እለፉ። መሳደብም አያስፈልግም።

ሾፌሮቹ ከበዳቸው። በነጩ መኪና ገዳሙን የተካው አምደሚካኤል የሚባል ጎልማሳ ነው፤ እሱም እዚያ ነበር። ስለ አዲስ መኪና ከገዳሙ ጋር የሚከራከር እሱ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያወድሱት የድሮ መኪና ፍሬን እየበጠሰ ስንቱን ዓባይ ውስጥ ከተተው» ይለዋል። የፍሬኑን ነገር ገዳሙም አይክድም። ያን ቀን ግን አምደሚካኤል አልተከራከረም። እሱንም ሣጥኗ እየሰለለችው ነበርና፣ ሽንት ሲሸና እንኳ ስልክ እየተደወለለት ነበርና፣ ቀድሞ እሺ ያለው እሱ ሆነ። ከዚያ ሌሎቹ፣ ኋላም የሚኒባስ ሾፌሮቹ ተከተሉ።

ገዳሙ ጠበቀ። ቅጠል የተጣለበት ቦታ በደረሰ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል፤ ቀርቦ ሲያይ የሌላ ሰው መኪና ይሆናል፤ ወርዶ ይረዳል፣ ቅር እያለው።

ቀኑ የመጣው በዚህ ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ የሉማሜ ገበያ ቀን ነው። ገዳሙ ከደጀን ሲሚንቶ ጭኖ እየመጣ ነበር። ዝናብ ይወርዳል። የኤንትሬው ዝናብ መጥረጊያ አንዱ ብቻ ስለሚሠራ አንገቱን ወደ መሃል ስቦ ነው የሚነዳው። ዳገቱን ሊጨርስ ሲል ቅጠል አየ። ከቅጠሉ ኋላ ነጩ መኪና፣ ድንች ጭኖ፣ ሁሉም መብራቱ ጠፍቶ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አንጋጦ ቆሟል። ጎማው አጠገብ እንዳላማው በአንድ እጁ ላስቲክ ራሱ ላይ ይዞ፣ በሌላው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል።

ከገዳሙ ፊት የሚሄደው መኪና ክላክሱን ነፋ፣ ሾፌሩ እጁን አውለበለበ፣ አለፈ። እንዳላማው እንዳልገባው ሰው ቆሞ አየው። ከጧት ጀምሮ እንዲህ ሲያልፉት ነው የዋሉት።

ገዳሙም ክላክሱ ላይ እጁን ጫነ። ማለፍ ይችል ነበር። የተመኘው ይህን ነበር። ግን ቢያልፍ እንዳላማው ላይ ከዝናብ በቀር ምንም አይደርስም። ቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

እንዳላማው አወቀውና ላስቲኩን አወረደ። ነገሩን የነገረው እየተንተባተበ ነው። ጧት ስልኩን ሲያይ መኪናው እዚህ ዳገት ላይ ቆሟል፤ ናፍጣው ወረደ፤ ስልኩ ስርቆት አለ። አምደሚካኤልን እጅ ከፍንጅ እይዛለሁ ብሎ እቤቱ ሆኖ ሞተሩን አጠፋበትና በሚኒባስ እየበረረ መጣ። መጥቶ ታንኩን ከፈተ። ናፍጣው ሞልቶ ነበር። አንድ ጠብታ አልጎደለም። አምደሚካኤል የቆመው ጎማው ውስጥ የገባ ድንጋይ ሊያወጣ ነው። ዳገት ላይ ታንኩ ሲያዘነብል ናፍጣው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ሣጥኗ የምትለካው ግን የሸሸበትን ወገን ነው። አሁን ሞተሩን ልመልሰው ቢል ኔትወርክ ጠፍቷል፤ ያለ ኔትወርክ ደግሞ መኪናው አይነሣም። አምደሚካኤልን አንድ ከባድ መኪና አሳፍሮት ሉማሜ ሄዷል። እሱን ግን የሚያሳፍረው አጣ።

ገዳሙ ቀኝ ጆሮውን ሰጥቶ ሰማው።  ያን ሁሉ ጊዜ፣ ናፍጣው ወዴት ሄደ ሲሉት፣ ከታንኩ ሳይወጣ ነበር።

«ታንኩን ከፍተህ ያየኸው ዛሬ ነው» አለው።

«ዛሬ ነው፣ አበልጄ።»

«የኔ ጊዜስ?»

 ዝናቡ ከእንዳላማው አፍንጫ ይንጠባጠባል። በድያለሁ፣ ማርያምን፣ ካሣ እክሳለሁ አለ። ሉማሜ ብቻ አድርሰኝ አለ። የጋቢናውንም በር ሊከፍት እጁን ሰደደ።

ገዳሙ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

«ጋቢና ሰው መጫን ከልክለህ የለም እንዴ? ከላይ ውጣ።»

«ከሲሚንቶው ላይ?»

«ሸራ አለው። እንዳትወድቅ ገመዱን ያዝ።»

እንዳላማው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እየነፋ አለፈው። ከዚህ በኋላ አንድ የመንደሩን ገበሬ ድንቹን እንዲጠብቅለት ለምኖ፣ የጨርቅ ጫማውን ጎማው ላይ እያንሸራተተ ወጣ። ባለ ሁለት መኪና ሰው፣ ዕድሜው ከገዳሙ የማያንስ፣ ጭነቱ ላይ ተንበርክኮ ገመድ ጨበጠ።

ገዳሙ እስከ ሉማሜ ድረስ ማርሹን ከፍ አላደረገም። ሊያፈጥን ይችል ነበር። በየጉድጓዱ ሲገባ ወገቡ ተቀጨ፤ ከላይ ደግሞ የሰው ጉልበት ሸራውን ሲመታ ሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ ሲፈልግ ራሱን ያዘው።

ሉማሜ ሲገባ ዝናቡ አባርቶ ገበያው ሞልቷል። የደብረ ማርቆስ ነጋዴዎችም አሉ። ገዳሙ በገበያው መሃል፣ በሰው መካከል፣ እያዘገመ አለፈ። ሰው ቀና ቀና ብሎ ያያል። ከከሪማ ሻይ ቤት ሾፌሮቹ ወጡ፤ ካፖርቱ የሲሚንቶ ጭቃ የለበሰውን ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ሣቁ፣ ማን እንደሆነ ሲያውቁ ደግሞ ቀረብ ቀረብ አሉ። ገዳሙ መኪናውን ያቆመው ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አቶ ወልደ ሩፋኤል በየገበያው ቀን ጤፍ ከሚቀበሉበት መጋዘን በር ላይ ነው። ሽማግሌው ሚዛን አጠገብ ቆመው ነበር።

«ጋሼ» አላቸው ገዳሙ ወርዶ፣ «አበልጄ ለእርስዎ የሚለው ነገር አለ።»

እንዳላማው ሊወርድ እግሩን ሰደደ። ገዳሙ ከሥር ቆሞ መወጣጫውን ዘጋበት። «ከዚያው ሆነህ በል። እዚህ ብዙ ሰው ነው፣ አይሰማም።»

እንዳላማው በለሆሳስ ተናገረ። አቶ ወልደ ሩፋኤል አልሰማሁም አሉ፤ በእርግጥም አልሰሙም ነበር። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከሲሚንቶው አናት፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለ፤ «ገዳሙ ናፍጣዬን አልሰረቀም። እኔ ነኝ ስሙን ያጠፋሁት። ታንኩን ሳልከፍት ነው የተናገርኩት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም አይቼው ራሴን ነቅንቄ ነበር አሉና ወደ ገዳሙ መጥተው ይቅርታ ጠየቁት። የሚቀጥለው ማኅበር ላይ ይህንኑ እደግመዋለሁ፣ እሱም ይደግመዋል አሏቸው ለተሰበሰቡት። ገዳሙ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናቸው። ከዚያ መወጣጫውን ለቀቀ።

እንዳላማው ወርዶ እጁን ዘረጋለት። ገዳሙ ጨበጠው። የእንዳላማው እጅ በረዶ ሆኗል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ቂም ግን ስም ስለተመለሰለት ብቻ አይጠግብም። ከሪማ ሻይ ቤት ገብተው ሲቀመጡ ሾፌሮቹ ጋሼ፣ እንግዲህ ተፈታ አይደል፣ ከአሁን ወዲያ ልንረዳው እንችላለን አይደል ብለው ጠየቁት። አንደኛው መኪናው ትልቅ ነው፣ እዚያ አሳቻ ቦታ ቢያድር አደጋ ያመጣል፣ ጎትቼ ከመንገድ አወጣዋለሁ አለ። ገዳሙ ከመንገድ ማውጣቱን ፈቀደ። ከዚያ ያለፈውን እርዳታ ግን ነገ እነግራችኋለሁ አላቸው።

እንዳላማው ከጥግ ልብሱ እየተነነ ተቀምጦ ነበር። ኔትወርኩ ገና አልመጣም። ገበሬው ሲመሽ ጥሎት ይሄዳል፣ ድንቹ ለሌባ ይጋለጣል ብሎ ተጨንቆ፣ ከሾፌሮቹ መካከል ወደ ተቀመጠው አምደሚካኤል ዞረና ተነሥ፣ ባጃጅ ይዘህ ተመለስ፣ ዛሬ መኪናው ውስጥ ታድራለህ አለው።

አምደሚካኤል እንጀራውን እየበላ ነበር። ጧት ሌባ ተብሎ ሞተሩ በእጁ ላይ የጠፋበት እሱ ነው። ገዳሙን አየው።

ገዳሙ በቀኝ ጆሮው ሁሉንም ሰምቷል። አንድ ቃል ቢናገር፣ ሂድ ልጄ ሥራህ ነው ቢል፣ አምደሚካኤል ይነሣ ነበር።

«ማርቆስ፣ እኔ ቤት ነው የምታድረው» አለው። «ጥላነሽ ሽሮ ሠርታለች።»

አምደሚካኤል እጁን በውኃ አለቀለቀ። የነጩን መኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እንዳላማው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

እንዳላማው ቁልፉን ብዙ ጊዜ አየው። ኋላ አነሣውና እርጥብ ካፖርቱን ሰብስቦ ወጣ። በመስኮቱ ሲታይ አንድ ባጃጅ አስቁሞ፣ ሾፌሩ ወዴት እንደሆነ ጠይቆት ራሱን ነቅንቆበት፣ ሁለተኛውን ሲለምን ነበር። ደመናው እንደገና ከጮቄ ተራራ ወገን እየወረደ ነው።

ገዳሙ ሌላ ሻይ አዘዘ። ከሪማ ሻዩን ስታስቀምጥ ስኳር ልጨምር ወይ ብትለው፣ ጨምሪ አላት። ባጃጁ እንዳላማውን ጭኖ ወደ ዳገቱ እስኪታጠፍ ድረስ፣ ዝግ ብሎ እያማሰለ አየው።